ጥቁር ቀለም የማያውቅ መነጽር

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር የምኖር ሠዓሊ ነኝ። በዘይት ቀለምና በአክሪሊክ እሠራለሁ። በቅርቡ ከውጭ አገር የመጣ ጓደኛዬ ዓይን ላይ የሚደረግ መነጽር አምጥቶ አሳየኝ። ሳሎኔ ውስጥ የሌለ ፈረስ ቆሞ አየሁ፤ ዞርኩት፤ ጀርባውንም አየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰው ሥዕል የሚያየው እንዲህ ነው ይሉኛል። እውነት ነው? ምንስ ልማር? ሸራዬን ልተወው?»

ምላሽ፦

ሸራዎን አይተዉ። በመነጽርና በስልክ የሚታዩ እንዲህ ያሉ የጥበብ ሥራዎችን ከአሥር ዓመት በላይ ስሠራ፣ ጠንካራ ሐሳብ ይዘው ሲመጡ ያየኋቸው ባለሙያዎች አብዛኞቹ እጃቸው በቀለም ወይም በሸክላ ጭቃ የተፈታ ሰዎች ናቸው። የኮምፒውተሩን ሥራ በስድስት ወር ይለምዱታል። ብርሃን ከየት እንደሚመጣ ማወቅ፣ ቦታን ማመዛዘን፣ ባዶ ስፍራን አለመፍራት ግን በስድስት ወር አይገኝም። ያ ደግሞ በእጅዎ አለ።

ከፈረሱ ልጀምር። ያስደነቀዎት ፈረሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቴሌቪዥን የሚያዩት ፈረስም እንቅልፍ ይነሣዎት ነበር። ያስደነገጠዎት በገዛ ሳሎንዎ፣ በሶፋውና በረከቦቱ መካከል መቆሙ ነው። ይህ ቴክኖሎጂ በእንግሊዝኛ ሚክስድ ሪያሊቲ ይባላል፤ እኔ ቅይጥ እውነታ እያልኩ እጽፋለሁ። ፖል ሚልግራምና ፉሚዮ ኪሺኖ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ አንድ መስመር አሰመሩ። በአንዱ ጫፍ እንዳለ የምናየው ዓለም አለ፤ በሌላው ጫፍ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም አለ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ሁሉ ቅይጥ አሉት። (በዚህ ምላሽ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያው በ1994 አውስትራሊያዊው የጥበብ ሰው ጄፍሪ ሾው «ወርቃማው ጥጃ» የተባለ ሥራ አቀረበ። በአዳራሹ ውስጥ አንድ ነጭ የሐውልት መቀመጫ ባዶውን ቆሟል። ከጎኑ በገመድ የተያያዘ ትንሽ ስክሪን አለ። ተመልካቹ ስክሪኑን አንሥቶ ወደ መቀመጫው ሲያነጣጥር በላዩ የወርቅ ጥጃ ቆሞ ያያል። ስክሪኑን ይዞ ሲዞር የጥጃው ጎን፣ ከዚያም ጀርባው ይታየዋል። ቆዳው እንደ መስታወት ስለሚያበራ የአዳራሹ ግድግዳና መስኮት በላዩ ያንጸባርቃል። ስክሪኑን ሲያወርድ መቀመጫው እንደገና ባዶ ነው። ኦሪት ዘፀአትን የሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ሰው በገዛ እጁ የሠራው፣ የሌለ ሆኖ ሳለ የሚከበር ጣዖት ነው። ተመልካቹ ጥጃውን ከታችም ከላይም ለማየት ጎንበስ ቀና ሲል ደግሞ ሳያውቀው የሚሰግድ ይመስላል።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት አልፏል። መሣሪያው እጅግ ረቀቀ፤ ከዚያ ሥራ የበለጠ የታሰበበት ነገር ግን ጥቂት ነው ያየሁት። ሾው ያንን ሥራ የጀመረው ከሁለት ነገሮች ነው፤ ከባዶ መቀመጫና በዙሪያው ከሚንቀሳቀስ የሰው አካል። ምስሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ወደፊቱ ጥበብ ሲያስቡ ይህን ቅደም ተከተል እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ፤ መጀመሪያ ተመልካቹ የሚቆምበት ቦታ፣ ቀጥሎ አካሄዱ፣ በመጨረሻ የሚያየው ነገር።

አሁን ስለ ቀለም ልንገርዎት፤ ሻጮቹ የማይናገሩት ይህን ነው። መነጽሮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዓይነት እውነተኛ መስታወት አለው፤ ዓለሙን በቀጥታ በመስታወቱ ውስጥ ያዩታል፣ ኮምፒውተሩም በላዩ ብርሃን ይጨምርበታል። እንደ ማይክሮሶፍት ሆሎሌንስ ያሉት እንዲህ ይሠራሉ። ብርሃን ብቻ የሚጨምር መሣሪያ ጥቁር ሊያሳይ አይችልም፤ ጥቁር ማለት ብርሃን አለመኖር ነውና። በኮምፒውተርዎ ላይ ጥቁር ያደረጉት ሁሉ በመነጽሩ ውስጥ ብን ብሎ ይጠፋል፤ ከኋላው ያለው ግድግዳ ይታያል። ጥላም እንዲሁ።

ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን በጥቁር መስመር የቆመ ሥዕል ነው። የቅዱሳኑ ትልልቅ ዓይኖች፣ ቅንድባቸው፣ የልብሳቸው እጥፋት፣ የጣቶቻቸው አቀማመጥ፣ ሁሉም በጥቁር መስመር ተከቦ ነው የሚናገረው። ከዓመታት በፊት በዚህ ስልት የተሣለ መልአክ በእንዲህ ዓይነቱ መነጽር ላይ ጫንኩ። ክንፎቹ በቀይና በቢጫ ደመቁ። ፊቱ ግን ዓይን አልነበረውም። ብሌኑ በነበረበት ስፍራ የቢሮዬ መጋረጃ ይታይ ነበር። አዳዲሶቹ መነጽሮች አንዳንዶቹ ከኋላ የሚመጣውን ብርሃን በከፊል ማደብዘዝ ችለዋል፤ ጠርዙ ግን እንደ ጭጋግ የተበተነ ስለሆነ እንደ ብዕር የጠራ መስመር አይወጣውም።

ሁለተኛው ዓይነት ዓይንዎን ሙሉ በሙሉ ይሸፍንና የውጩን ዓለም በካሜራ ቀርጾ በውስጡ ባሉ ትንንሽ ስክሪኖች ያሳይዎታል። በ2023 የወጣው ሜታ ኩዌስት 3 እና በ2024 መጀመሪያ የወጣው አፕል ቪዥን ፕሮ እንዲህ ናቸው። እነዚህ ጥቁርን ያሳያሉ። ዋጋቸው ግን ሌላ ነው፤ የገዛ ቤትዎን ጭምር በካሜራ ዓይን ነው የሚያዩት። በቀን ብርሃን ብዙም አይሰማዎትም። በጧፍና በሻማ ብርሃን ግን ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ የገዛ እጅዎ እንኳ ጥርት ብሎ አይታይዎትም። ጓደኛዎ ያመጣው ይህኛው ዓይነት ይመስለኛል፤ ፈረሱ ጥርት ብሎ፣ ክብደት ያለው መስሎ ከታየዎት ማለቴ ነው።

ስለ እይታ ስፋትም ጥቂት ልበል። በ2016 የወጣው የመጀመሪያው ሆሎሌንስ የሚያሳየው ምስል አግድሙ 30 ዲግሪ አካባቢ ነበር፤ በ2 ሜትር ርቀት ላይ ከ1 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ መስኮት እንደማለት ነው። ከመስኮቱ የወጣው ሁሉ ይቆረጣል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ሰፍተዋል፤ ከሰው ዓይን ግን ገና ብዙ ይቀራቸዋል። ሌላው የርቀት ጉዳይ ነው። አብዛኞቹ መነጽሮች የዓይን ትኩረትን የሚያስቀምጡት በአንድ ቋሚ ርቀት ላይ ነው፤ ሆሎሌንስ በሁለት ሜትር ርቀት ላይ ያደርገዋል። ስለዚህ በእጅ ተይዞ በቅርበት የሚታይ ትንሽ ነገር፣ ለምሳሌ የክታብ ሥዕል ወይም የብራና ጠርዝ ጌጥ፣ ለመነጽር አይመችም፤ ዓይን ይደክማል፣ ራስ ያማል። ሰው የሚያክል ነገር በጥቂት እርምጃ ርቀት ሲቆም ግን ደስ ይላል። ፈረስዎ እድለኛ ርቀት ላይ ነበር የቆመው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ተስፋ ላስቆርጥዎት አይደለም። የውኃ ቀለም ነጭን የማያውቅ ቀለም ነው፤ ነጩ ራሱ ወረቀቱ ነው፣ ሠዓሊውም ከዚያ ጋር ይስማማል። በመስታወታማው መነጽር የሚሠራ ሰውም ጥቁሩን ከክፍሉ ይበደራል። ግድግዳውን ጥቁር ይቀባል፣ መብራቱን ይቀንሳል፣ ወይም ብርሃን የሆኑ ነገሮችን ብቻ ይሥላል፤ እሳት፣ ጨረቃ፣ የውኃ ላይ ነጸብራቅ፣ በጢስ ውስጥ የሚያልፍ የማለዳ ጮራ። እኔ ለእንዲህ ዓይነቱ መነጽር ሥራ ሲቀርብልኝ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው «ግድግዳው ምን ቀለም ነው?» ብዬ ነው።

እርስዎ ከሚኖሩበት ከተማ በጀልባ የሚደረስ ትምህርት ቤት አለ፤ ብዙ ጊዜ ሄደውበት ይሆናል። የዘጌን ክብ አብያተ ክርስቲያናት ማለቴ ነው፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ለምሳሌ። ሥዕሎቹ በመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ በአራቱም አቅጣጫ ተሥለዋል። አንድ ቦታ ቆሞ ሁሉንም ማየት የሚችል ሰው የለም። መዞር አለበት። በአንዱ ጎን ሲያልፍ ያለፈው ጎን ይሰወርበታል፤ ታሪኩ በእግር ነው የሚነበበው። በበሮቹ ላይ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ቆመዋል፤ ከበሩ ወዲያ ያለው ለካህናት ብቻ ነው። ያ ሁሉ ቀለም የከበበው መካከል አይታይም። ዕጣኑ፣ የከበሮው ድምፅ፣ ባዶ እግር የሚረግጠው ወለል፣ ከጎን የሚጸልይ ሰው ሹክሹክታ፣ እነዚህ ሁሉ የሥዕሉ አካል ናቸው። የቅይጥ እውነታ ባለሙያዎች በውድ መሣሪያ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ አካልን የሚያስኬድ፣ ሁሉንም በአንዴ የማይሰጥ፣ ከቦታው ቢነቀል ትርጉሙ የሚጎድል ሥራ። ስለዚህ የወደፊቱን ለማሰብ መነሻዎ የመተግበሪያ ገበያ ባይሆን ይሻላል። አንድ ቀን ማስታወሻ ደብተር ይዘው ወደዚያ ይሂዱና ሥዕሎቹን ትተው የሰዎቹን አካሄድ ይሣሉ። የት ቆሙ? የት ዞሩ? ራሳቸውን መቼ ቀና አደረጉ?

ከዚህ ተነሥቼ ወደፊት ላየው የምመኘውን ልንገርዎት። አክሱም ላይ 24 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 የተመለሰውና በ2008 ዳግም የተተከለው ሐውልት ቆሟል። ከዚያው ሥፍራ 33 ሜትር የሚሆነው ታላቁ ሐውልት ተሰባብሮ ወድቋል። ብዙ ሰው «በመነጽር አቁመን እናሳየው» ይላል። ጥሩ ነው፤ ትምህርት ይሆናል። እኔ የምመኘው ግን በዚያ ሥፍራ የሚሠራ ጥበብ ነው። ተመልካቹ ከስባሪው ድንጋይ አጠገብ ይቁም፤ የሚታየው ከሥር ያለው የተፈለፈለ በር ብቻ ይሁን። ቀና ሲል አንድ ፎቅ ይጨመር፤ አንገቱን ይበልጥ ሲያቀና ሌላ። የመነጽሩ ጠባብ መስኮት እዚህ ላይ ጉድለት መሆኑ ይቀራል፤ ከፍታውን አንገቱ ራሱ ይለካዋል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ብርሃኑ ይጥፋና ዓይኑ ወደ እውነተኛው ስባሪ ይመለስ። ከዚያ በኋላ የወደቀውን ድንጋይ የሚያየው በሌላ ዓይን ነው።

ሰዎችን ቀርጾ ማቆምም ተጀምሯል። ጃፓናዊው የሙዚቃ ሰው ሪዩቺ ሳካሞቶ በሕይወት ሳለ ፒያኖ ሲጫወት ከየአቅጣጫው በካሜራ ተቀረጸ። እርሱ በመጋቢት 2023 አረፈ፤ በዚያው ዓመት «ካጋሚ»፣ ማለትም «መስታወት»፣ በሚል ስም ሥራው ኒው ዮርክና ማንችስተር ላይ ታየ። ታዳሚው መነጽር አድርጎ በክብ ይቀመጣል፤ የፈለገ ተነሥቶ ወደ ፒያኖው ይጠጋል፤ የሞተው ሰው ጣቶች ሲንቀሳቀሱ በቅርብ ያያል። ልብ የሚነካ ሐሳብ ነው። ወዲያው ግን አንድ ወዳጄ «እኛም አዝማሪዎቻችንን እንዲህ እንቅረጻቸው» አለኝ፤ እኔ ተጠራጠርኩ። የፒያኖ ታዳሚ ዝም ብሎ የሚሰማ ነው፤ የተቀረጸ ሰው ፊትም ዝም ማለት ያስኬዳል። አዝማሪ ግን ታዳሚው «ተቀበል!» ካላለው፣ ግጥም ካልሰጠው፣ እርሱም የሰውየውን ኮፍያና የሴትየዋን ፈገግታ አይቶ በዚያው ቅጽበት ካልገጠመ አዝማሪ አይደለም። ቀረጻው መሰንቆውን ያቆያል፣ ድምፁን ያቆያል፣ ጨዋታውን ግን ይገድለዋል። ምናልባት መፍትሔው ባዶ መደብ ነው፤ በአዝማሪ ቤት ውስጥ፣ ያረፈ አንድ አንጋፋ አዝማሪ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ፣ መሰንቆው ብቻ ይታይ፤ በሕይወት ያለው አዝማሪ ከጎኑ ቆሞ ይዝፈን። የቤተሰቡ ፈቃድ ሳይገኝ ግን ይህም መታሰብ የለበትም። የሞተ ሰው «አይሆንም» ማለት አይችልምና።

ስለ ፈቃድ ካነሣሁ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከመቅደላ በ1868 ከተወሰዱት ቅርሶች መካከል 11 ታቦታት በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። ሙዚየሙ ለሕዝብ አያሳያቸውም፤ የተቋሙ ሠራተኞች ሳይቀሩ አያዩአቸውም። ቅይጥ እውነታን የሚሰብኩ ሰዎች «የማይታየውን እናሳያለን» ሲሉ እሰማለሁ፤ ልባቸው መልካም ነው። ግን መታየት የሌለበት ነገር አለ። መቅደስን በመነጽር መክፈት ለቴክኖሎጂው ቀላል ነው፤ ለዚህ ነው ባለሙያው ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። እኔ እንዲህ ያለ ሥራ አልሠራም፤ ሲጠይቁኝም እምቢ ብያለሁ። ከዚያ ይልቅ የተዘጋ በር ፊት መቆምን የሚያሰማ ሥራ ቢሠራ በጣም ደስ ይለኛል።

ሌላው የሚያሳስበኝ የእነዚህ ሥራዎች ዕድሜ ነው። ጉግል ታንጎ የተባለውን በስልክ የሚሠራ የቅይጥ እውነታ መድረኩን በመጋቢት 2018 ዘጋው። ማይክሮሶፍት ሆሎሌንስ 2ን ማምረት በ2024 አቆመ። ሜታ ስፓርክ የተባለውን በስልክ ካሜራ ላይ የሚጨመሩ ምስሎች መሥሪያውን በጥር 2025 ሲዘጋ በዓለም ዙሪያ የጥበብ ሰዎች የሠሯቸው እጅግ ብዙ ሥራዎች ከሰው ስልክ ላይ ጠፉ። የዘይት ቀለም ሥዕልዎ ግድግዳ ላይ ሃምሳ ዓመት ቢቆይ ማንንም አያስገርምም፤ በመነጽር የሚታይ ሥራ አምስት ዓመት ከቆየ ግን ብዙ ቆየ። ስለዚህ ምንም ነገር ሲሠሩ በአንድ ኩባንያ መሣሪያ ውስጥ ብቻ አይተዉት። የቅርጹን ፋይል፣ የድምፁን ፋይል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሐሳቡን መግለጫ በወረቀት ያስቀምጡ፤ ተመልካቹ የት ይቆማል፣ ወዴት ይሄዳል፣ መቼ ምን ያያል። ዜማችን በብራና ላይ ምልክት ተደርጎለት ዘመናትን እንደተሻገረ ሁሉ፣ ይህም ሌላ ሰው በሌላ መሣሪያ እንደገና ሊያቆመው እንዲችል ተደርጎ መጻፍ አለበት።

«ምን ልማር?» ላሉት፤ መነጽር አይግዙ። ቪዥን ፕሮ ሲወጣ ዋጋው 3,499 ዶላር ነበር፤ ኩዌስት 3 ደግሞ 499 ዶላር። ይህ ገንዘብ ካለዎት ቀለም ይግዙበት። ለመጀመር የሚያስፈልግዎት ደህና ስልክና አንድ ኮምፒውተር ነው። ብሌንደር የተባለው የቅርጽ መሥሪያ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ እርሱን ይማሩ። ከዚያ በስልክዎ አንድን ነገር፣ ለምሳሌ ጀበናዎን፣ በዙሪያው እየዞሩ ፎቶ ያንሡ፤ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀደመው ጋር ከግማሽ በላይ ይደራረብ። ኮምፒውተሩ ከፎቶዎቹ ቅርጹን ያወጣዋል። የሚያብረቀርቅና እንደ ብርጭቆ የሚያሳልፍ ነገር አይምረጡ፤ ፕሮግራሙን ያሳስተዋል። ከሰል የጠጣ የሸክላ ጀበና ግን ግሩም ይወጣል።

ከልምዴ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አዳራሽ በስልክ የሚታይ ሐውልት አዘጋጅተን ነበር። ግድግዳዎቹ በመክፈቻው ዋዜማ እንደ ወተት ነጭ ተቀቡ። በመክፈቻው ዕለት ሐውልቱ በመቀመጫው ላይ መርጋት እምቢ አለ፤ ተንሸራተተ፣ ከፍ አለ፣ አንድ ጊዜም በአንዲት እናት ትከሻ ላይ ቆመ። ስልኩ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በካሜራው የግድግዳውን ጉድፍ፣ ማዕዘንና ምልክት እየለየ ነው፤ ባዶ ነጭ ግድግዳ ላይ የሚይዘው ነገር አያገኝም። አንዱ ባልደረባዬ ቶሎ ብሎ ረጅም ጥለት አምጥቶ ሰቀለ፤ ባሰበት፤ ምክንያቱም ጥለት አንድን ቅርጽ ይደጋግማልና ስልኩ የትኛውን እንደሚያይ ግራ ገባው። በመጨረሻ የዳንነው አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል የቆየ ፖስተር ሰብስበን ስንለጥፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ከመክፈቻው ሦስት ቀን በፊት፣ ማታም ቀንም፣ መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተርም ጭምር፣ ሥራውን በቦታው ሳልሞክር አልቀርብም። ተመልካችም ነጠላ ተከናንቦ፣ ሹሩባ ተሠርቶ፣ ሽማግሌ ከሆነ የንባብ መነጽር አድርጎ ነው የሚመጣው። የመነጽሩ ማሰሪያ ለእነርሱ የሚመች መሆኑን አስቀድመው በገዛ እናትዎና በገዛ አጎትዎ ራስ ላይ ይሞክሩት።

ለዚህ ሳምንት የምሰጥዎት ሥራ ግን ስልክ እንኳን አይፈልግም። ሳሎንዎን ያጽዱና ፈረሱ በቆመበት ቦታ ወለሉ ላይ በኖራ ክብ ያስምሩ። አንድ ሥዕልዎን መርጠው፣ በዚያ ክብ ውስጥ ቢቆም ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ምን እንደሚመስል በሦስት ወረቀት ይሣሉ። ከኋላ የሚታየውን ለመሣል ሲቀመጡ ይቸገራሉ፤ ሸራ ጀርባ የለውምና። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ብዙ ይቆዩ። ከዚያ ጎረቤት ይጥሩ፤ ምንም ሳይነግሩት በክቡ ዙሪያ ይዙር፤ እርስዎ በየቦታው ተገቢውን ወረቀት ያሳዩት። የት እንደፈጠነና የት እንደቆመ በኖራ ምልክት ያድርጉ። ፎቶውን ከላኩልኝ የቆመባቸውን ነጥቦች አይቼ ከየት ቢጀምሩ እንደሚሻል እጽፍልዎታለሁ።